አንድ መሣሪያ ለአሥራ ስድስት ቱቦ



የዚህ እትም የትምህርት ዓምድ ከአንድ ስህተታችን የተነሣ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ተሰባስበን የምናጠና ጥቂት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን። ባለፈው ሴሚስተር አንድ መልመጃ ተሰጠን። የዳቦ እርሾ ከሚራባበት ጋን የሚወጣው ጋዝ በማስ ስፔክትሮሜትር ተለክቶ ውጤቱ በሠንጠረዥ ተቀምጧል። የተጠየቅነው እርሾው በሰዓት ስንት ሞል ኦክስጅን እንደሚወስድ፣ ስንት ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ፣ ከዚያም ሁለተኛው ለአንደኛው ሲካፈል ስንት እንደሚመጣ ነው። መቀነስና ማካፈል ብቻ ስለመሰለን ቶሎ ጨረስነው፤ 0.70 ብለን አስረከብን። ወረቀቱ ሲመለስልን ከመልሱ ጎን በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ጥያቄ ተጽፋበታለች፦ «ስኳር ብቻ የተመገበ እርሾ የሚያቃጥለውን ስብ ከየት አመጣው?»

መጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ አፈርን። ትክክለኛው መልስ 1.01 ነበር። ስህተቱ የት እንደገባ ለማወቅ ስንነሣ ስለ መሣሪያው ራሱ ማንበብ ግድ ሆነብን። ያነበብነውን ለራሳችን ብቻ ከምናስቀረው ለእናንተም እናካፍል ብለን ነው ይህን የጻፍነው። የኬሚካል ምህንድስና፣ የባዮቴክኖሎጂ፣ የምግብ ሳይንስ ወይም የኬሚስትሪ ተማሪ የሆናችሁ ይህ መሣሪያ አንድ ቀን ከፊታችሁ ሊቀርብ ይችላል። ለሌሎቻችሁም ሁለተኛ ደረጃ ላይ የተማራችሁት ኬሚስትሪ ይበቃችኋል።

ያቺ ምጣኔ ምን ትነግረናለች?

እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ይመገባል፣ ይተነፍሳል። ቤት ውስጥ ሊጥ ኩፍ የሚለው እርሾው ባወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እርሾ በቂ ኦክስጅን አግኝቶ ስኳርን ሙሉ በሙሉ ሲያቃጥል ለአንድ ሞል ግሉኮስ 6 ሞል ኦክስጅን ይወስዳል፣ 6 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። 6 ለ6 ሲካፈል 1 ነው። ይህች ቁጥር የአተነፋፈስ ምጣኔ ትባላለች፤ ላብራቶሪ ውስጥ ግን አር ኪው ነው የሚሏት። የሚቃጠለው ስብ ሲሆን ምጣኔዋ ወደ 0.7 ትወርዳለች። በቀይ የተጻፈችው ጥያቄ የመጣችው ከዚህ ነው።

ወደ ላይ ስትወጣስ? እርሾው ከሚችለው በላይ ስኳር ሲጫንበት፣ ወይም ኦክስጅን ሲያጥረው፣ ከስኳሩ ከፊሉን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። በዚህ መንገድ አንድ ሞል ግሉኮስ 2 ሞል ኢታኖልና 2 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ኦክስጅን አይገባበትም። ስለዚህ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው ኦክስጅን ይበልጣል፣ ምጣኔዋም ከ1 ታልፋለች። ለእርሾ ፋብሪካ ይህ ግልጽ ኪሳራ ነው። በደንብ አየር ያገኘ እርሾ ከአንድ ግራም ስኳር ግማሽ ግራም ያህል ደረቅ እርሾ ይሰጣል፤ ወደ አልኮል ከዞረ ግን ምርቱ የዚያ ሩብ አካባቢ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሥራውን አስቡት። ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ሞላሰስ በፓምፕ ጥቂት በጥቂት ወደ ጋኑ ይገባል። ፓምፑን የሚቆጣጠረው ሰው ወይም ኮምፒውተር አር ኪውን እያየ ያፈጥናል፣ ያዘገያል። ምጣኔዋ 1 አካባቢ ከሆነች ይቀጥላል፤ 1.2 ካለች ሞላሰሱን ይቀንሳል። የእኛን 0.70 ቢያይ ምን ያደርግ ነበር? «እርሾው አልኮል አያወጣም፣ ገና ይችላል» ብሎ ስኳር ቢጨምርበት ጋኑን ሙሉ ያበላሸዋል። በወረቀት ላይ ጥቂት ማርክ ያስቀነሰችን ቁጥር እዚያ አንድ ቀን ሙሉ የተደከመበትን ምርት ትወስዳለች።

ከቱቦው እስከ ቁጥሩ

ማስ ስፔክትሮሜትር የጋዝ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ የኒዮን ጋዝን በዚህ ዓይነት ዘዴ ሲመረምር ክብደታቸው 20 እና 22 የሆኑ ሁለት ዓይነት የኒዮን አተሞች እንዳሉ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ፓውልና ባልደረባው ያለ ማግኔት፣ በአራት ዘንጎች መካከል በሚቀያየር ቮልቴጅ ብቻ አዮኖችን በክብደት መለየት እንደሚቻል አቀረቡ፤ ኳድሩፖል የሚባለው ይህ ነው። ፓውል ለአዮን ማጥመጃ ሥራው በ1989 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ዛሬ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጠው መሣሪያ ውስጥ የሚሆነው ይህን ይመስላል። ጋዙ በጣም በቀጠነ ቱቦ አልፎ፣ ግፊቱ የውጩ አየር ቢሊዮንኛ አካባቢ ወደሆነ ክፍል በጥቂቱ ይገባል። ይህን ባዶነት ጠብቆ የሚያቆየው በሰከንድ 1000 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር ፓምፕ ነው። ክፍሉ እንዲህ ባዶ ባይሆን ኖሮ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ መንገዳቸውን ይስቱ ነበር። እዚያ የጋለ ቀጭን ሽቦ ኤሌክትሮን ይረጫል። ኤሌክትሮኑ ሞለኪውሉን ሲመታው የራሱን አንድ ኤሌክትሮን ያስጥለውና ፖዘቲቭ አዮን ያደርገዋል። አዮን ከሆነ በኋላ በቮልቴጅ መግፋት፣ በማግኔት ማጠፍ ይቻላል። ቀላሉ ብዙ ይታጠፋል፣ ከባዱ ጥቂት። ማግኔቱን ወይም ቮልቴጁን በመቀያየር የተፈለገው ክብደት ብቻ መቀበያው ጋ ይደርሳል፤ የሚነበበውም በጣም አነስተኛ የኤሌክትሪክ ከረንት ነው።

ለእርሾ ጋን የሚያስፈልጉን ክብደቶች ጥቂት ናቸው። ውሃ 18፣ ናይትሮጅን 28፣ ኦክስጅን 32፣ አርጎን 40፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 44። ሁሉንም በጥቂት ሰከንድ ያነባቸዋል።

ማግኔት ወይስ ኳድሩፖል? ኳድሩፖሉ ትንሽና ርካሽ ነው። በማግኔቱ ግን እያንዳንዱ ክብደት በግራፉ ላይ ሲታይ አናቱ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው፤ መሣሪያው በሙቀት ወይም በቮልቴጅ ለውጥ ትንሽ ቢንሸራተት እንኳ ያው አናቱ ላይ ነው የሚያርፈው። የኳድሩፖሉ አናት ሾጣጣ ስለሆነ ትንሽ መንሸራተት ንባቡን ይቀይረዋል። ብዙ ዓይነት ጋዝ ፈጥኖ መቃኘት ለሚፈልግ ኳድሩፖሉ ጥሩ ነው። ለወራት ያው አምስት ጋዝ፣ ያው ትንሽ ልዩነት ለሚፈልግ ሥራ ግን እኛ ብንጠየቅ ማግኔቱን እንመርጣለን።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ኤሌክትሮኑ ሞለኪውሉን ሲመታ አንዳንዴ ይሰብረዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰበር ከስብርባሪዎቹ አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሆነ ክብደቱ 28 ነው፤ ልክ እንደ ናይትሮጅን። መጠኑ ከመሣሪያ መሣሪያ ቢለያይም ከ44ቱ ንባብ 10 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ በ28 ላይ የምናነበው የናይትሮጅን ድርሻና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ስብርባሪ ድምር ነው። መፍትሔው ሊኒየር አልጀብራ ኮርስ ላይ «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ያልነው የእኩልታዎች ሥርዓት ነው፤ አምስት ንባብ፣ አምስት ያልታወቀ ጋዝ፣ አንድ ማትሪክስ። የማትሪክሱ ቁጥሮች የሚገኙት ይዘቱ በታወቀ ጋዝ በመፈተሽ፣ ማለትም በካሊብሬሽን ነው። ለምሳሌ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአርጎን ጋር ብቻ የተቀላቀለበት ሲሊንደር ይገናኛል። በውስጡ ናይትሮጅን ስለሌለ በ28 ላይ የሚታየው፣ የመሣሪያው የራሱ ቅሪት ከተቀነሰ በኋላ፣ የስብርባሪው ድርሻ ብቻ ነው። ይህን ስናነብ «ማን አሰበው?» ተባባልን።

ሉሑ ሳይታጠብ

አሁን ወደ ብዙዎቹ ቱቦዎች እንምጣ። መሣሪያው ውድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጋን አንድ አይገዛም። ስለዚህ ከየጋኑ ቀጭን ቱቦ ይዘረጋና ሁሉም አንድ ተሽከርካሪ ቫልቭ ላይ ይገናኛሉ። ቫልቩ እየዞረ አንዱን ቱቦ ብቻ ከመሣሪያው ጋር ያገናኛል። 16፣ 32፣ አልፎም 64 ቱቦ የሚያስተናግዱ ቫልቮች አሉ።

ቁርአን ቤት ያለፋችሁ ይህን በቀላሉ ታዩታላችሁ። ኡስታዙ አንድ ነው፣ ልጆቹ ብዙ። እያንዳንዱ ሉሑን ይዞ ተራው ሲደርስ ይቀርባል፤ ሌላው እስኪደርሰው ቦታው ላይ ሆኖ ማንበቡን ይቀጥላል። ጥሩ ቫልቭም እንዲሁ ነው፤ ተራ የሚጠብቁት ቱቦዎች አይዘጉም፣ ጋዛቸው እየፈሰሰ በሌላ በኩል ይወጣል። ቢዘጉ ኖሮ ተራቸው ሲደርስ መሣሪያው የሚያነበው ቱቦው ውስጥ ቆሞ የቆየ የደቂቃዎች በፊት ጋዝ በሆነ ነበር። ውስጡ 4 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የ30 ሜትር ቱቦ 380 ሚሊ ሊትር ያህል ጋዝ ይይዛል፤ በደቂቃ 1 ሊትር እየፈሰሰ እንኳ ከጋኑ እስከ ቫልቩ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል።

ሉሑም ራሱ የሚያስተምረን አለ። የትናንቱ ቀለም በደንብ ሳይታጠብ የዛሬው ከተጻፈበት ሁለቱ ተደራርበው ይታያሉ። ቫልቩ ከጋን 3 ወደ ጋን 4 ሲዞር በመካከል ባለችው ትንሽ ቦታ የጋን 3 ጋዝ ይቀራል። ይህ ቅሪት በአንዴ አይጠፋም፤ በኤክስፖኔንሻል ሕግ እየሳሳ ይሄዳል። የመታጠቢያው ታይም ኮንስታንት 2 ሰከንድ ነው እንበል። ከ4 ሰከንድ በኋላ የቀድሞው ጋዝ 13.5 በመቶ ገና አለ፤ ከ10 ሰከንድ በኋላ 0.7 በመቶ ያህል፣ ከ14 ሰከንድ በኋላ 0.1 በመቶ ያህል። በጋን 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ 5 በመቶ፣ በጋን 4 ደግሞ 1 በመቶ ቢሆን፣ በ4ኛው ሰከንድ ያነበበ ሰው ለጋን 4 የሚጽፈው 1.54 ነው። በ10ኛው ሰከንድ 1.03፣ በ14ኛው 1.00 ይሆናል።

የሚገርመው ይህ ስህተት ምንም ምልክት አያሳይም። ቁጥሩ ያምራል፣ በየዙሩም ያው ይመጣል፤ ምክንያቱም ጋን 4 ሁልጊዜ ከጋን 3 ቀጥሎ ነው የሚነበበው። ጎረቤቱ የከፋ ጋን ሁሌም የጎረቤቱን ጥፋት ይሸከማል። የሚያጋልጠው ፍተሻ ግን ቀላል ነው። አንዱን ቱቦ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ማንበብ ነው። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ከተለየ፣ መታጠቢያው ጊዜ አልበቃም ማለት ነው። ወይም የቱቦዎቹን ተራ መቀያየር።

ታዲያ ለምን ብዙ አንጠብቅም? ዙሩ ስለሚረዝም ነው። ለአንድ ቱቦ 14 ሰከንድ ማጠቢያ፣ 6 ሰከንድ ማንበቢያ ብንሰጥ 16 ቱቦ በ5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይዞራል። 64 ቢሆኑ 21 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል። እርሾ ሞላሰስ ሲበዛበት በደቂቃዎች ውስጥ ነው አካሄዱን የሚቀይረው፤ በ21 ደቂቃ አንዴ የሚታይ ጋን ያልታየ ያህል ነው። አንዱ መውጫ የዙሩን ተራ እኩል አለማድረግ ነው፦ ገና የተጀመረ ጋን በዙር አንዴ፣ ሞላሰስ እየፈሰሰበት ያለ ጋን በዙር ሦስቴ።

ንጹሕ አየር የሚመጣበት ቱቦ

አሁን ወደ ስህተታችን እንግባ። የመልመጃው ሠንጠረዥ እንዲህ ይላል፦ ወደ ጋኑ በሰዓት 1000 ሞል ደረቅ አየር ይገባል። በአየር ውስጥ ኦክስጅን 20.95 በመቶ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ፣ የቀረው 79.01 በመቶ ናይትሮጅንና አርጎን ነው። ከጋኑ የሚወጣው ጋዝ ደግሞ ኦክስጅን 19.60፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.98፣ የውሃ እንፋሎት 2.00፣ ናይትሮጅንና አርጎን በአንድነት 77.42 በመቶ ነው።

እኛ ምን አደረግን? 1000 ከገባ 1000 ይወጣል ብለን ተነሣን። የገባው ኦክስጅን 209.5 ሞል፣ የወጣው 196.0፣ ልዩነቱ 13.5። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የወጣው 9.8፣ የገባው 0.4፣ ልዩነቱ 9.4። 9.4 ለ13.5 ሲካፈል 0.70። አለቀ።

ግን ማን ነው 1000 ይወጣል ያለን? አየሩ ጋኑ ውስጥ ሲያልፍ ውሃ ይዞ ይወጣል፤ እርሾውም ከአንዱ ጋዝ ወስዶ ሌላውን ይጨምራል። የሚወጣው ጋዝ ብዛት አልተለካም፤ እኛ ነን የገመትነው። ውሃው ሁሉንም ጋዝ አሳስቶታል። ኦክስጅኑ 19.60 ሆኖ የታየው ከፊሉ ስለተበላ፣ ከፊሉ ደግሞ በውሃ ስለቀጠነ ነው። እኛ ሁለቱንም እርሾው በላው አልን።

ምስክር ሆኖ የሚቀርበው ናይትሮጅን ነው። እርሾ ከአየሩ ናይትሮጅንም አርጎንም አይወስድም፣ አያወጣምም። የገባው 790.1 ሞል ሁሉ መውጣት አለበት። በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ደግሞ ድርሻቸው 77.42 በመቶ ነው። ስለዚህ የሚወጣው ጠቅላላ ጋዝ 790.1 ለ0.7742 ሲካፈል፣ ማለትም 1020.5 ሞል ነው። ከዚያ ኦክስጅኑ 19.60 በመቶ ሲሆን 200.0 ሞል ይመጣል፤ የተበላው 9.5 ብቻ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 10.0 ሞል ነው፤ የገባው 0.4 ሲቀነስ 9.6። 9.6 ለ9.5፣ 1.01።

ይህ ስሌት የሰው ትንፋሽ በሚያጠኑ ሐኪሞች ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ሲሆን በስኮትላንዳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ በጆን ስኮት ሆልደን ስም ይጠራል። የውሃውን መጠን በትክክል ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም፤ ኦክስጅን ለናይትሮጅን ያለውን ምጣኔ ማወቅ ይበቃል። ይህም ደግ ነው፣ ምክንያቱም ውሃ የቱቦው ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ከሁሉም ጋዝ ይልቅ ለመለካት የሚያስቸግር እሱ ነው። ቱቦዎቹ የሚሞቁትም እንፋሎቱ መንገድ ላይ ጠብታ እንዳይሆን ነው።

ማስ ስፔክትሮሜትሩ ከሌሎቹ መለኪያዎች የሚበልጠውም እዚህ ላይ ይመስለናል። ኦክስጅን በማግኔት በመሳቡ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንፍራሬድ ብርሃን በመዋጡ የሚለኩ ጥሩ ሴንሰሮች አሉ። ናይትሮጅንን ግን ሁለቱም አያዩትም። ምስክሩን በቀጥታ የሚያየው ይህ መሣሪያ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። እዚህ የምንፈልገው የሁለት ትልልቅ ቁጥሮችን ትንሽ ልዩነት ነው። ውሃውን እናውጣውና ደረቁን ጋዝ እንይ፦ የሚገባው ኦክስጅን 20.95፣ የሚወጣው 20.00። መሣሪያው ትንሽ ተንሸራትቶ የሚወጣውን 20.10 ቢለው፣ ናይትሮጅኑና አርጎኑም በዚያው ልክ 78.90 ቢሆኑ፣ የተበላው ኦክስጅን ከ9.5 ወደ 8.2 ይወርዳል፤ አር ኪው ከ1.01 ወደ 1.17 ትዘላለች። መሣሪያው የተሳሳተው ከ200 አንድ ብቻ ነው፤ ፓምፑ ላይ ያለው ሰው ግን ሞላሰሱን ይቀንሳል።

ይህን የሚያድነው ከ16ቱ ቱቦ አንዱን ለሚገባው ንጹሕ አየር መስጠት ነው። ያው መሣሪያ፣ በዚያው ሰዓት፣ የሚገባውንም ያንብብ። ከ200 አንድ ከፍ አድርጎ የሚያነብ ከሆነ 20.95ን 21.05 ይለዋል፤ 20.00ን 20.10 ይለዋል። ልዩነቱ ያው 0.95 ነው። ስህተቱ ከሁለቱም ወገን ስለገባ ሲቀናነስ ይጠፋል። በየጋኑ የየራሱ ሴንሰር ቢኖረው ግን እያንዳንዱ ወደየራሱ አቅጣጫ ይንሸራተታልና እንዲህ መጣፋት የለም። እኛ መጀመሪያ ስናነብ «የአየር ይዘት መጽሐፍ ላይ ተጽፎ እያለ አንድ ቱቦ ለእሱ ማባከን ምንድን ነው?» ብለን ነበር።

ጋኑ ወይስ ቱቦው?

ጋን 7 ላይ የኦክስጅን ፍጆታው በድንገት በአምስተኛ ቀነሰ እንበል። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በአምስተኛ ቀንሷል። አር ኪው ግን አልተነቃነቀችም። እርሾው እየሞተ ነው?

ሊሆን ይችላል። ግን ከቱቦው መጋጠሚያ አንዱ ላልቶ የክፍሉ አየር እየገባ ከሆነም የሚታየው ልክ ይኸው ነው። የክፍሉ አየርና ወደ ጋኑ የሚገባው አየር በይዘት አንድ ናቸው፤ ስለዚህ አየር ሲቀላቀልበት የኦክስጅኑ ጉድለትና የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ትርፍ በእኩል መጠን ይሳሳሉ፣ ምጣኔያቸው ግን አይለወጥም። የናይትሮጅን ምስክርነትም እዚህ አያድንም። መለያው ያለው ጋኑ ውስጥ ነው፦ ፈሳሹ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ይኖራል። እርሾው በእርግጥ እየተዳከመ ከሆነ ኦክስጅኑን የሚወስድ ስለሚቀንስ የሟሟው ከፍ ይላል። ቱቦው ላልቶ ከሆነ ግን ጋኑ ውስጥ ምንም አልተለወጠምና ባለበት ይቆያል። በቁልፍ የሚጠበቅ መጋጠሚያ እያለ ጋን ሙሉ እርሾ የሚደፋ ሰው እንዳይኖር ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ሌላው የተለመደ ጣጣ አረፋ ነው፤ ከጋኑ ገንፍሎ ቱቦው ውስጥ ከገባ ማጣሪያውን ይዘጋል። ያኔ ፍሰቱ ስለሚቆም ንባቡ ይደነዝዛል።

የአንድ መሣሪያ ዘዴ ጉዳትም አለው። የጋለችው ሽቦ ስትበጠስ 16ቱም ጋኖች በአንዴ ዓይን ያጣሉ፤ ለዚህ ሲባል ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሁለት ሽቦ ይዘው ይመጣሉ። ከዚህ የሚከብደው የሰው ደህንነት ጉዳይ ነው። በፋብሪካ ውስጥ ከብዙ ቦታ አየር እየሳቡ መርዛማ ጋዝ መኖሩን በዚህ መሣሪያ የሚከታተሉ አሉ፤ ይህም ጥሩ ነው። ነገር ግን ተራው አሁን ባለፈ ቦታ የሚያፈተልክ ጋዝ ቀጣዩ ተራ እስኪደርስ፣ በእኛ ምሳሌ 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ አይታይም። ካርቦን ሞኖክሳይድማ ክብደቱ እንደ ናይትሮጅን 28 ስለሆነ በእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ አየር ውስጥ ትንሹን መጠን መለየት በጣም አስቸጋሪ ነው። ሰው በሚሠራበት ቦታ ሁሌም የሚያዳምጥ የራሱ ማንቂያ ደወል መኖር አለበት፤ ቫልቭ እየዞረ ተራ እስኪደርስ የሚያስጠብቅ ነገር አይተካውም።

ለእናንተ

ይህን ዓምድ ስናዘጋጅ መልመጃዋን በሌላ ቁጥር ደግመን ሠርተናታል። አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ኢንሻአላህ መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። ወደ ጋን 9 በሰዓት 1000 ሞል ደረቅ አየር ይገባል፤ ይዘቱ ከላይ የሰጠነው ነው። የሚወጣው ጋዝ ኦክስጅን 18.62፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2.94፣ የውሃ እንፋሎት 2.00፣ ናይትሮጅንና አርጎን 76.44 በመቶ ነው። አር ኪው ስንት ነች? ፓምፑ አጠገብ የቆማችሁት እናንተ ብትሆኑ ሞላሰሱን ምን ታደርጉታላችሁ? ከጋን 9 በፊት የተነበበው ጋን 8 ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 6 በመቶ እንደነበርና ንባቡ ቫልቩ በዞረ በ4ኛው ሰከንድ እንደተወሰደ ቢነገራችሁስ፣ መልሳችሁን ታምኑታላችሁ?